እናቴን የትኛውን የእንግሊዝ ገጠር መንደር ላሳያት? የአስጎብኚ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለንደን ነው። እናቴ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ መጥታ አንድ ወር ትቆያለች። ባለፈው ስትመጣ ለንደንን አልወደደችውም፤ ፎቅና ግርግር ብቻ ሆነባት። ዘንድሮ ጥንታዊ የሆነ የገጠር መንደር ላሳያት አስቤያለሁ። መኪና የለኝም፣ የ9 እና የ13 ዓመት ልጆች አሉኝ፣ እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾሟንም አታፈርስም። በአንድ ቀን አምስት መንደር የሚያስጎበኝ አውቶቡስ አለ ይሉኛል። ይሻለኛል? በአካባቢውስ ሌላ ምን ይታያል?»

ምላሽ፦

ያንን የአምስት መንደር ጉዞ ይተዉት። ሥራዬ ማስጎብኘት ስለሆነ እንዲህ ያለው ቀን እንዴት እንደሚውል አውቀዋለሁ። በየመንደሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሰጥዎታል፤ ከዚያ ላይ የመጸዳጃ ቤቱ ሰልፍ ሲቀነስ የሚቀረው ፎቶ ማንሻ ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ደግሞ ከአውቶቡስ ደጋግሞ መውጣትና መውረዱ ራሱ የቀኑ ትልቁ ሥራ ይሆናል። ማታ ቤት ስትገቡ የቱ መንደር የቱ እንደነበረ ልጆቹም አይለዩትም። አንድ መንደር መርጠው ቀኑን ሙሉ እዚያ ይዋሉ። ሌላ አንድ ቀን ከተገኘ አንድ ከተማ ይጨምሩበት።

መንደሩ ሌይኮክ፣ ከተማው ባዝ ይሁን። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወሩን በእኛ ስጠራ ግን የእኛውን ነው።)

ሌይኮክ ከለንደን በስተምዕራብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዊልትሸር በሚባለው አውራጃ ውስጥ ይገኛል። ጓደኞችዎ የሚነግሩዎት የኮትስዎልድስ መንደሮች፣ ለምሳሌ ባይበሪ፣ ውብ አይደሉም አልልም። ነገር ግን ባይበሪ ባቡር አይደርስም፣ በበጋ ደግሞ አስጎብኚ አውቶቡሶች ተደራርበው መንገዱ ይጨናነቃል። ሌይኮክም ጎብኚ አያጣም። እኔ የምመርጠው በሌላ ምክንያት ነው፤ መንደሩ ውስጥ ቆሞ «ይህ ሁሉ አሮጌ ቤት እንዴት ሳይፈርስ ቀረ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ እዚያው ዓይኑ ሥር አለ።

ብዙ ሰው እንግሊዞች አሮጌ ነገር ስለሚወዱ ያቆዩት ይመስለዋል። የሌይኮክ ታሪክ ግን የባለርስት ታሪክ ነው። መንደሩ ከ1232 ጀምሮ የሴቶች ገዳም ይዞታ ነበር። ገዳሙ በ1539 ሲዘጋ አንድ ሀብታም ገዛው፤ ከእሱ በጋብቻ ወደ ታልቦት ቤተሰብ ተላለፈና እስከ 1944 በእነሱ እጅ ቆየ። በዚያ ዓመት ማቲልዳ ታልቦት የምትባል የመጨረሻዋ ባለርስት ገዳሙንም መንደሩንም አጠቃልላ ናሽናል ትረስት ለሚባለው፣ በ1895 ለተቋቋመ የቅርስ ጥበቃ ማኅበር ሰጠች። ቤቶቹ ለየብቻ ተሸንሽነው ስላልተሸጡ፣ አንዱ ፎቅ አንዱ ጋራዥ የሚጨምርበት ዕድል አልነበረም። ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ማጣት ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን መንደሩ በበግ ሱፍ ንግድ ደልቶት ነበር፤ ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ ጥሩ ቤቶች የዚያ ዘመንና የተከታዮቹ ናቸው። ንግዱ ሲቀዘቅዝ አፍርሶ በአዲስ ለመሥራት የሚያስችል ሀብት አልመጣም። የባቡር ሐዲዱም በ1841 ሲደርስ በቺፕነም በኩል አለፈ፤ ፋብሪካውም ሠራተኛውም ወደዚያው ሄደ። የኤሌክትሪክ ሽቦው እንኳ ዛሬ የሚያልፈው ከመሬት በታች ነው። ፊልም ሠሪዎች መንደሩን የሚወዱት ለዚህ ነው፤ መንገዱ ላይ አፈር ካፈሰሱበት 18ኛው መቶ ዘመን ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ለልጆቹ አንድ ነገር አስቀድመው ይንገሯቸው። ቤቶቹ ሙዚየም አይደሉም፤ ሰዎች ተከራይተው ይኖሩባቸዋል። በመስኮት አጮልቆ ማየትና የሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ፎቶ መነሳት ነዋሪውን ያስመርረዋል።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከፓዲንግተን ጣቢያ ቺፕነም ድረስ ባቡሩ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጅበታል። ከቺፕነም ሌይኮክ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሜልክሽም መስመር የሚሄደው አውቶቡስ እዚያ ያወርዳችኋል። እሑድ ግን የገጠር አውቶቡስ ያሳስባል፤ ጨርሶ የማይሠራ መስመርም አለ። ለአራት ሰው ታክሲ ብትይዙ ሲካፈል ብዙም አይከብድም። የመመለሻውን ግን ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ ቅጠሩ። በለንደን ልማድ «ስንጨርስ በስልኬ እጠራለሁ» ብሎ የሄደ ሰው መንደር አደባባይ ላይ ቆሞ ይመሻል። ቲኬቱን በተመለከተ ደግሞ ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ ሬልካርድ የሚባለውን ያውጡ፤ ለአዋቂዎች ሲሶውን፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች 60 በመቶውን ይቀንሳል። የእናትዎንም ቲኬት ስለሚሸፍን ለእሳቸው ሌላ ካርድ አያስፈልግም።

መንደሩን መዞር በነፃ ነው፤ የሚከፈልበት ገዳሙና ግቢው ነው። እኔ በገዳሙ ጀምሩ እላለሁ። ጠዋት ሰው ሳይበዛ እናትዎም ሳይደክማቸው።

ገዳሙን የመሠረተችው ኤላ የምትባል የሶልዝበሪ ባላባት ናት። ባሏ ዊሊያም ሎንጌስፔ የንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ ከንጉሥ ጆን ጋር በአባት ብቻ የሚገናኝ ወንድም ነበር። በ1226 ሲሞት ሀብቷን የሚመኝ ባል አልጠፋም፤ እሷ ግን ሌላ ባል አላገባችም። በዚያ ዘመን ለሴት ብርቅ የሆነውን የአውራጃ ሸሪፍነት ሹመት ይዛ ዊልትሸርን አስተዳደረች። ሚያዝያ 1232 በአንድ ቀን ሁለት ገዳማትን መሠረተች፤ ጠዋት እዚህ ሌይኮክ የሴቶቹን፣ ከሰዓት በኋላ ሂንተን በሚባለው ቦታ የወንዶቹን። በኋላ ራሷም እዚሁ መነኮሰች፣ እመምኔት ሆነች፣ በ1261 አረፈች። የመቃብር ድንጋይዋ ገዳሙ ውስጥ አለ። እናትዎ የእቴጌ ምንትዋብንና የቁስቋምን ታሪክ የሚያውቁ ከሆነ ብዙ ማብራራት አያስፈልግዎትም፤ ባላባቷ መሬት ጎልታ ገዳም ተከለች፣ በመጨረሻም እዚያው ገባች ማለት ይበቃል።

ለእናትዎ ትልቁ ቦታ መነኮሳቱ ይመላለሱበት የነበረው፣ መሐሉ ክፍት ሜዳ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ መተላለፊያ ነው። ጣሪያው እንደ ቅርንጫፍ በተጠላለፈ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ዙሪያውን የመነኮሳቱ መሰብሰቢያና በብርድ ጊዜ እሳት የሚሞቁበት ክፍል አለ። በማሞቂያው ክፍል ውስጥ በ1500 የተሠራ ትልቅ የነሐስ ድስት ተቀምጧል፤ ልጆቹ ስንት ሰው እንደሚያበላ መከራከራቸው አይቀርም። ደስ የሚለው ነገር ይህ ሁሉ ምድር ቤት መሆኑ ነው። የላይኛው ፎቅ ደረጃ አለው፤ እናትዎ ካልፈለጉ መውጣት የለባቸውም፤ ዋናው ነገር አያመልጣቸውም።

ሕንፃው ከታች ገዳም፣ ከላይ የባላባት መኖሪያ የሆነበት ምክንያት ሄንሪ 8ኛ ነው። ንጉሡ ከሮም ጋር ተጣልቶ የሀገሩን ገዳማት ሲዘጋ ሌይኮክ በመጨረሻዎቹ ውስጥ ነበር፤ 1539 ላይ ተዘጋ። በዓመቱ ዊሊያም ሻሪንግተን የሚባል ሰው በ783 ፓውንድ ገዛው። ሌሎች ገዢዎች ገዳሙን ለድንጋዩ ሲሉ ሲያፈርሱ፣ ሻሪንግተን ያፈረሰው ቤተ ክርስቲያኑን ነው፤ የቀረውን ምድር ቤት አድርጎ በላዩ ላይ ቤቱን ሠራ፣ ጥግ ላይም ባለ ስምንት ማዕዘን ግንብ ጨመረ። ሰውዬው የብሪስቶል ገንዘብ ማተሚያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሳለ ከሳንቲሙ ብር እየሸራረፈ ሲሰርቅ ተይዞ፣ ሞት ቀርቶለት ምሕረት ያገኘና ርስቱን መልሶ የገዛ ነው። ታሪክ ላይ ለሚያንቀላፋ የ13 ዓመት ልጅ ከሄንሪ ይልቅ በሻሪንግተን መጀመር ያዋጣል።

ርስቱ ወደ ታልቦቶች እንዴት እንደተላለፈም አንድ ወግ አለ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ስለሆነ እውነትና ተረቱን እናንተ ለዩት። ኦሊቭ የምትባለው የቤቱ ልጅ ጆን ታልቦትን ወደደች፤ አባቷ አልፈቀደም። አንድ ሌሊት ከግንቡ ላይ ሆና ከታች ቆሞ ከሚያናግራት ወዳጇ ዘንድ ዘለለች። ነፋሱ ቀሚሷን ነፍቶ ውድቀቷን አቀለለላት፤ ታልቦት ግን ስትወድቅበት ተዘርሮ የሞተ መሰለ። ሲነቃ አባትየው «እንዲህ እስክትዘልልለት ከደረሰች ታግባው» አለ ይባላል።

የሃሪ ፖተር ፊልሞች የትምህርት ቤቱን መተላለፊያዎችና አንዳንድ ክፍሎች የቀረጹት እዚሁ ገዳም ውስጥ ነው። ይህን አስቀድመው ለልጆቹ ከነገሯቸው ቀኑን ሙሉ «መቼ ነው የምንሄደው» የሚል አይኖርም።

አሁን ወደ አንዲት መስኮት ልውሰዳችሁ። ላይኛው ፎቅ ላይ በደቡብ በኩል ወደ ውጭ ወጣ ብላ የተሠራች፣ በትንንሽ መስታወት የተከፋፈለች መስኮት አለች። የቤቱ ባለቤት ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነሐሴ 1835 ላይ በትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ በኬሚካል የተቀባ ወረቀት አድርጎ የዚህችን መስኮት ምስል ያዘ። ከካሜራ የተገኘና እስከ ዛሬ የተረፈ የመጀመሪያው ኔጌቲቭ ይህ ነው። ምስሉ በጣም ትንሽ ነው፤ እሱ ራሱ ከጎኑ በጻፈው ማስታወሻ መስታወቶቹ ሁለት መቶ ያህል እንደሆኑና በማጉያ ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ገልጿል። ሚስቱ ኮንስታንስ በየቦታው የተቀመጡትን ሣጥኖቹን «የአይጥ ወጥመድ» ትላቸው ነበር።

ሥራውን የጀመረው ሥዕል ስላልሆነለት ነው። በ1833 ጣሊያን ውስጥ ኮሞ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ በመሣሪያ እየታገዘ እንኳ መልክዓ ምድሩን መሣል ሲያቅተው፣ ብርሃኑ ራሱ ወረቀቱ ላይ ቢስልልኝ ብሎ አሰበ። ፓሪስ ላይ ዳጌር የሚባል ፈረንሳዊ የራሱን የፎቶ ዘዴ በ1839 ሲያስታውቅ ታልቦት ተቀደምኩ ብሎ ደነገጠ። የዳጌር ምስል እጅግ የጠራ ነበር፤ ግን በብረት ላይ የወጣ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። የታልቦት ዘዴ መጀመሪያ የተገለበጠ ምስል አውጥቶ፣ ከእሱ የፈለጉትን ያህል ማባዛት ነው። ዲጂታል እስኪመጣ ድረስ አዲስ አበባ ፒያሳ ውስጥ ፎቶ ቤት ገብተን «ኔጌቲቩ አለ፣ ሦስት አሳጥብልኝ» ስንል የኖርነው በዚህ ሰው ዘዴ ነው። ከገዳሙ መግቢያ አጠገብ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ። ልጆቹን መስኮቷ ሥር አቁመው በስልክዎ አንድ ፎቶ ያንሷቸው፤ እዚህ ጋ ብቻ የፎቶ ሰልፍ ቢኖርም ተገቢ ነው።

ከገዳሙ ስትወጡ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። እናትዎን ይዘው ሌይኮክ መሄድ አለብዎት ያልኩበት ልዩ ምክንያት እዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የቅዱስ ሲሪያክ ይባላል። ሲሪያክ የሚሉት የእኛን ሕፃኑን ሰማዕት፣ የቅድስት ኢየሉጣን ልጅ ቅዱስ ቂርቆስን ነው። በእንግሊዝ በዚህ ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ነው። ምዕራባውያን የሚተርኩት የሦስት ዓመቱ ሕፃን ጠርሴስ ላይ በእናቱ ፊት በአገረ ገዢው እጅ እንደ ተገደለ ነው፤ በእኛ ዘንድ የሚታወቀው በፈላው ጋን ውስጥ መልአኩ ገብርኤል ያደረገው ተአምር በእነሱ ትረካ ጎልቶ አይታይም። እናትዎ ሐምሌ 19 ቀን ገብርኤልን እዚያው አገራቸው አክብረው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው የሚመጡት፤ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ቂርቆስን ሲያገኙት ምን እንደሚሉ መገመት አያቅተኝም።

ሕንፃው በአብዛኛው የ15ኛው መቶ ዘመን፣ የሱፉ ሀብት ያሠራው ነው። በእመቤታችን ስም በተሰየመው ጎን ያ ሳንቲም ሸራራፊው ሻሪንግተን ያማረ መቃብር ተሠርቶለት ተኝቷል። ቤተ ክርስቲያኑ የአንግሊካን ነው። ጫማ አይወለቅም፣ ወንዱና ሴቱ የሚገባበት በር አንድ ነው፣ ቅዳሴ ከሌለ ባዶውን ሊያገኙት ይችላሉ። እናትዎ በሩን መሳለም ቢፈልጉ ማንም ምንም አይላቸውም።

መንደሩ ራሱ አራት ጎዳና ነው፤ ተያይዘው አራት ማዕዘን ስለሚሠሩ መጥፋት አይቻልም። በእንጨት ማገር መሐል ጭቃና ኖራ የተመረገባቸው ቤቶች አሉ፤ እናትዎ ቀርበው ማገሩን ካዩ አሠራሩን ለእርስዎ የሚያስረዱት እሳቸው ይሆናሉ። የ14ኛው መቶ ዘመን የአሥራት ጎተራ አለ፤ ገበሬው ከእህሉና ከሱፉ ከአሥር አንዱን እያመጣ የሚያስገባበት። ከጎተራው ጥግ ያለችው መስኮት የሌላት የድንጋይ ክፍል ሰካራም የሚያድርባት እስር ቤት ነበረች። ጆርጅ ኢን የሚባለው መጠጥ ቤት ምድጃው አጠገብ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለ የእንጨት መንኮራኩር አለው፤ ውስጡ ውሻ ገብቶ ሲሮጥ ከእሳቱ በላይ የተሰካው ሥጋ ይዞር ነበር። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚረባ አጭር እግር የውሻ ዘር ነበራቸው። ቸርች ስትሪትን ይዛችሁ ወደ ታች ብትወርዱ መኪና ውሃውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ትንሽ ጅረትና በጎኑ ለጭነት ፈረስ የተሠራ ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ታገኛላችሁ። የ9 ዓመቱ እዚያ እንዲረጥብ ይፍቀዱለት፤ ቅያሪ ካልሲ ይያዙ።

ምግቡ። ይህን ማንም አይነግርዎትም። የገጠር መጠጥ ቤቶች ወጥ ቤታቸው ቀኑን ሙሉ ክፍት አይደለም፤ ብዙዎቹ የምሳ ትእዛዝ ከቀኑ ሁለት ሰዓት ወይም ሁለት ተኩል ላይ አቁመው እስከ ምሽቱ ስድስት አይቀበሉም። (እነዚህ በእንግሊዝ ሰዓት ናቸው፤ በእናትዎ 8፣ 8 ተኩልና 12 ሰዓት መሆናቸው ነው።) ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናት ጾማቸውን ሲፈቱ እንግሊዞቹ ሦስት ሰዓት ይላሉ፤ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል። በዚያ ሰዓት የሚገኘው ሻይ ከስኮን ጋር ነው፤ ስኮኑ ቅቤና ወተት አለበት፣ አብሮት የሚቀርበውም ወፍራም ክሬም ነው። ስለዚህ በጾሙ ውስጥ ከሄዳችሁ ከቤት ምስር ሳንቡሳ ወይም ሽሮ በዳቦ ይዛችሁ ገዳሙ ግቢ ሣር ላይ ብሉ፤ ነውር የለውም፣ እነሱም እንደዚያው ያደርጋሉ። ምግብ ቤት ከገባችሁ «ጾም» ብሎ ከማስረዳት «ቪገን» ማለት ይቀላል፤ ምግብ ዝርዝሩ ላይ ምልክት አለው። አሳ ላይ ግን እናትዎን ይጠይቁ፣ በእኛም መሐል የተለያየ ነው።

ቀን መምረጥ ከቻሉ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ይሁን፤ ከነሐሴ 16፣ በእነሱ ኦገስት 22 ወዲህ። ከዚያ በኋላ የኦገስት የመጨረሻው ሰኞ የሚውልበትን ረጅም የዕረፍት ሳምንት መጨረሻ ይዝለሉት፤ መላው እንግሊዝ መንገድ ላይ ነው።

በአካባቢው ሌላ ምን አለ ላሉት፣ ከመኪና ጋርና ያለ መኪና ለይቼ ልመልስ። ካስል ኩም ከቺፕነም ብዙም አይርቅም፣ በፎቶም ከሌይኮክ ይበልጣል፤ ያለ መኪና ግን ያስቸግራል፣ ደርሰውም ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያቆይ ነገር የለውም። ቦውድ ሃውስ ልጆች የሚፈነጥዙበት ትልቅ መጫወቻ አለው፤ ጆሴፍ ፕሪስትሊ ኦክስጅንን በ1774 ያገኘውም እዚያ ቤት ውስጥ ነው።

መኪና ያለው ዘመድ ካገኙ ግን ሁለቱንም ትተው ኤቭበሪ ይሂዱ። ከቆሙ ከ4,000 ዓመት በላይ የሆናቸው ትላልቅ ድንጋዮች ሰፊ ክብ ሠርተው ይታያሉ፤ ክቡ ከመስፋቱ የተነሳ የመንደሩ አንድ ክፍል፣ መጠጥ ቤቱን ጨምሮ፣ መሐሉ ላይ ነው ያለው። ስቶንሄንጅን ሁሉም ያውቀዋል፤ እዚያ ግን ከፍሎ ከገመድ ወዲህ ቆሞ ማየት ነው። ኤቭበሪ በነፃ ነው፣ ድንጋዩንም በእጅ መንካት ይቻላል። በመካከለኛው ዘመን ሰዎች ድንጋዮቹን እየጣሉ ይቀብሯቸው ነበር። በ1938 አንዱን የተቀበረ ድንጋይ ሲያወጡ ከሥሩ የሰው አፅም ከነመቀሱና ከነሳንቲሞቹ ተገኘ፤ ሳንቲሞቹ የ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ናቸው። መቀሱን አይተው ፀጉር ቆራጭና ቁስል አካሚ ነበር አሉት። በቅርብ ያለው ሲልበሪ ሂል ደግሞ ሰው በእጁ አፈር ቆልሎ የሠራው ኮረብታ ነው፤ ዕድሜው ከግብፅ ፒራሚዶች ጋር ይቀራረባል፤ ለምን እንደተሠራ የሚያውቅ የለም። መውጣት ክልክል ነው፤ ከመንገድ ዳር ሆኖ ማየት ይበቃል።

ሁለተኛውን ቀን ባዝ ስጡት። ከቺፕነም ባቡሩ ደርሶ ለመውረድ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ስለዚህ አንድ ሌሊት ባዝ ወይም ቺፕነም ማደር ይመቻል። በባዝ ሮማውያን የሠሩትን መታጠቢያ ሁሉም ያያል፣ እናንተም እዩት። ውሃው 46 ዲግሪ ሆኖ ከመሬት የሚወጣ ፍል ውሃ ነው። እናትዎ እጃቸውን እንዲያስገቡ ግን አይፈቀድም፤ ለመታጠብ ሌላ የሚከፈልበት ዘመናዊ ቤት አለ።

እኔ ባዝን የማነሳው ለፌርፊልድ ሃውስ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን አገራችንን ሲወር በ1936 ተሰደው ወደ እንግሊዝ መጡ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ከተናገሩ በኋላ ባዝ ሄደው ይህን ቤት ገዙ። እስከ 1940 እዚያ ኖሩ። የቤቱ ሕይወት ንጉሣዊ አልነበረም። ገንዘብ አጥሯቸው ነበር፣ ቤቱም ለማሞቅ የሚከብድ ነው፤ እቴጌ መነን ረጅም ጊዜያቸውን ኢየሩሳሌም ያሳልፉ ነበር። ልዕልት ፀሐይ በእነዚህ ዓመታት ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። ንጉሡ የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁት ባዝ ሳሉ ነው። በ1940 በጋ በምስጢር ወደ ሱዳን ሄዱ፤ በ1941 ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በ1954 ተመልሰው ሲመጡ ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው፤ በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡ። ዛሬም አረጋውያን የሚሰባሰቡበት ቤት ነው።

ስለ ንጉሡ ያለን አስተያየት በየቤቱ ይለያያል፤ የእናትዎን ደግሞ እኔ አላውቅም። ቢወዱም ቢያዝኑባቸውም ግን ያንን ቤት ማየት በመጽሐፍ ከማንበብ ይለያል። ቤቱ ከከተማው መሐል በስተምዕራብ፣ በኬልስተን መንገድ ላይ ነው፤ የኒውብሪጅ አውቶቡስ ያቀርባችኋል፣ ከዚያ የቀረችው ዳገት ስለሆነች ለጉልበት ሲባል ታክሲው ይሻላል።

ጊዜ ከተረፈ ከባዝ በባቡር ሩብ ሰዓት ላይ ብራድፈርድ-ኦን-ኤቨን አለ። እዚያ ያለችው ትንሽ የሳክሰን ዘመን ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን ትምህርት ቤትና መኖሪያ ሆና ማንነቷ ተረስቶ ቆይቶ በ1856 ገደማ አንድ ቄስ ነው ለይቶ ያወቃት። ውስጧ ጠባብና ጨለም ያለ ነው፤ ከአውሮፓ ካቴድራል ይልቅ ለእኛ ዓይን የቀረበች ናት።

አንድ የዕቅድ ነገር ልጨምር። ፌርፊልድ ሃውስ በየቀኑ ለጎብኚ ክፍት አይደለም። ስለዚህ ዕቅዱን ከመጨረሻው ጀምረው ያውጡት፤ መጀመሪያ የፌርፊልድን የመክፈቻ ቀን ደውለው ይጠይቁ፣ የሌይኮክን ቀን በዋዜማው ያድርጉት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ባቡሩን ይቁረጡ። የጉብኝቱ ቀን እሑድ ከሆነ ሌይኮክ ቅዳሜ ይውላል ማለት ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ መንደሩ ይሞላልና ከፓዲንግተን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በእነሱ ስምንት ተኩል፣ ሳያልፍ ተነሱ።